ከአንገቴ በላይ የላላው ብሎን

ሰው በአርባ ሦስት ዓመቱ ምን ያደርጋል? ቤት የሚሠራ አለ። ደም ግፊቱን መለካት የሚጀምር አለ። እኩዮቼ መነጽር አድርገዋል፤ ሁለቱ ደግሞ ፀጉራቸውን ቀለም እየተቀቡ ማንም ያላወቀባቸው ይመስላቸዋል። እኔ የጥርስ ብረት አስገባሁ። አሶሳ ውስጥ የጥርስ ብረት አድርጎ የሚዞር፣ ያውም ልጅ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከኔ ሌላ እስካሁን አልገጠመኝም። ካለ ይፈልገኝና አብረን እንድከም።

ድካም የምለው ቀልዴን አይደለም። መንጋጋዬ ደክሟል፣ ምላሴ ደክሟል። «ምን ሆነህ ነው?» ለሚለኝ ሁሉ ከሥር ከመሠረቱ ማስረዳት ደግሞ ከሁለቱም የባሰ አድክሞኛል። ይህንን የምጽፈውም አንድ ጊዜ ተናግሬው እንዲያልቅልኝ ነው። ከእንግዲህ የጠየቀኝን ሰው ወረቀቱን ሰጥቼው ዝም እላለሁ።

ከጥርሴ ልጀምር። የላይኛው የፊት ጥርሶቼ ወደ ውጭ የወጡ ናቸው። ነበሩ ልበል፣ አሁን ግማሽ መንገድ ተመልሰዋልና። ልጅ ሆኜ ዝናብ ሲጥል «ኑ ከሱ ጥርስ ሥር እንጠለል» የሚሉ የክፍል ጓደኞች ነበሩኝ። ስለዚህ ገና በጠዋቱ አንድ ዘዴ ለመድኩ። ሳቅ ሊመጣ ሲል ግራ እጄ ቀድሞ አፌ ላይ ይደርሳል። ሠላሳ ምናምን ዓመት የሳቅኩት በዚህ ዓይነት ነው። በሠርጌ ፎቶ ላይ ሙሽራዋ ትስቃለች፤ እኔ ጥርሱን እንዳመመው ሰው አፌን ይዤ ቆሜያለሁ። ፎቶ አንሺው «እጅዎን ያውርዱ» ቢል ቢል አልሰማ አልኩት።

በዚህ ዓይነት እስከ ጡረታ እዘልቀው ነበር፤ ያላዘለቀችኝ ልጄ ሳሮን ናት። ሳሮን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጥርሷ እንደ እናቷ ቀጥ ያለ ነው፤ በዚህ በኩል ፈጣሪ አዝኖልኛል። አንድ ቀን እራት እየበላን ባለቤቴ እመቤት የሆነ ነገር አወራችና ሳሮን ሳቀች። ስትስቅ ግራ እጇን አነሣችና አፏን ሸፈነች።

«ለምንድነው የምትሸፍኚው?» አልኳት።

«ሲሳቅ እንደዚህ አይደል እንዴ የሚደረገው?» አለችኝ።

እመቤት እኔን አየችኝ። እኔ ወጡን አየሁ። ልጅቷ ጥርሴን ሳትወርስ እፍረቴን ወርሳለች። ያን ቀን በጣም አዘንኩ። እሷ አድጋ ልማዱ ሳይጠናባት አባቷን አፉን ከፍቶ ሲስቅ ማየት አለባት ብዬ ወሰንኩ። ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ ሁሉ የዚያ ውሳኔ ውጤት ነው።

ጥርስ የምታስተካክል ስፔሻሊስት አዲስ አበባ አገኘሁ። ዶክተሯ አፌን ከመረመረች በኋላ እጇን እየታጠበች አስረዳችኝ።

«የፊቶቹን ወደ ኋላ ልንስባቸው ነው» አለች። «ችግሩ፣ ከኋላ ጥርሶች ጋር አስረን ስንስብ የኋላዎቹም ወደ ፊት ይመጣሉ። ሁለት ልጆች ገመድ ሲጓተቱ አይተው የለ? ሁለቱም ይንሸራተታሉ። ስለዚህ የገመዱን አንዱን ጫፍ ከማይነቃነቅ ነገር ላይ እናስረዋለን።»

«የማይነቃነቀው ነገር የት ነው ያለው?» አልኳት።

«አጥንትዎ ላይ እንተክለዋለን። ካስማ ይበሉት።»

ቀጥላ ካስማውን አሳየችኝ። ካስማ አይደለም፣ ብሎን ነው። ራስ ያለው፣ ጥርስ የወጣለት፣ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ብሎን። አንድ በቀኝ አንድ በግራ፣ ከላይ ድድ ውስጥ፣ በሁለት ጥርሶች ሥር መካከል አልፎ አጥንት ይይዛል። ሥራው ሲያልቅ ይነቀላል፤ አብሮኝ አይቀበርም። ድዴን አደንዝዛ በትንሽ ካቻቢቴ ስታዞረው ምንም አላመመኝም፤ ግን ይሰማኝ ነበር። ቤት ውስጥ መጋረጃ ስሰቅል የምሰማው ዓይነት ድምፅ ከራሴ ውስጥ መጣ። ከዚያ ከየብሎኑ ወደ ፊት ጥርሶቼ ላስቲክ ተወጠረ፤ እኔም እንደተወጠርኩ ወደ አሶሳ ተመለስኩ።

መሥሪያ ቤት ለማንም አልተናገርኩም። ማስክ አደረግኩ። «ጉንፋን ነው» አልኩ። ጉንፋኑ ዓመት አለፈው። ምሳ የምበላው ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ ነው። ከበላሁ በኋላ በትንሽ ብሩሽ ማጽዳት ስላለብኝ ግቢ ውስጥ ከቆመ መኪና ጀርባ እሄድና፣ ለጎን መስታወቱ አፌን ከፍቼ እቆማለሁ። ማንም አያየኝም ብዬ ነበር። አንባቢዬ ይህችን ነገር ይያዝልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

ዶክተሯ የምበላውንና የማልበላውን ነግራኝ ነበር። ቆሎ ክልክል፣ አጥንት መጋጥ ክልክል፣ ሸንኮራ ክልክል፣ የበቆሎ እሸት ክልክል። «ታዲያ ምን ልብላ?» ስላት፣ «ለስላሳ ነገር ይብሉ» አለችኝ። «ገንፎ፣ ሙዝ፣ ማንጎ።»

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ማንጎ የሚያውቀው በብርጭቆ ነው፤ በማንኪያ ይበላዋል። የኛው ማንጎ ሌላ ነው። ማንጎ ሲደርስ አሶሳ ላይ ከዛፍ የሚወድቀውን ሰው አይችለውም፤ ፍየሎቹ እንኳ ጠግበው ያልፉታል። ጣፋጭነቱ አያጠያይቅም። ግን ቃጫ አለው። ፍሬውን መጥጠህ ስትጨርስ አጥንቱ ፀጉሩን እንዳበጠረ ሽማግሌ ሆኖ እጅህ ላይ ይቀራል፤ ግማሹ ፀጉር ደግሞ ጥርስህ ውስጥ ነው። ብሎንና ላስቲክ ባለበት አፍ ውስጥ ይህ ቃጫ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሐኪም ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን አውቄዋለሁ።

ጎረቤታችን ባቢክር ጋራዥ አለው፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ ትልቅ የማንጎ ዛፍ። እሑድ ከሰዓት አንድ ባልዲ ማንጎ ላከልን። ሐኪም ያዘዘውን እየበላሁ ነው ብዬ አራት መጠጥኩ። በአራተኛው ላይ አንድ ረጅም ቃጫ የቀኙን ብሎን ዞሮ ዞሮ ተጠመጠመበት።

«ተወው፣ በመቀስ እንቆርጠዋለን» አለች እመቤት።

ምክሯ ልክ መሆኑን እያወቅኩ ጫፉን ይዤ ሳብኩት። አልመጣም። እልህ ያዘኝና ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ሳብኩት። አፌ ውስጥ ቀጭ አለ። ቃጫው መጣ፤ ብሎኑ ግን በምላሴ ስነካው ይነቃነቃል።

ሰኞ ጠዋት ደወልኩ።

«ላስቲኩን ያውልቁትና አይነካኩት» አለች ዶክተሯ። «ግን ከዓርብ እንዳያልፉ። ቅዳሜ ለትምህርት ከአገር እወጣለሁ፣ ሦስት ወር አልኖርም። እስከዚያ ከቆየ ድዱ ያብጣል፤ የሳብነውም ጥርስ ወደ ነበረበት ይመለሳል።»

ወደ ነበረበት ይመለሳል። አንድ ዓመት ከመኪና ጀርባ የቆምኩት፣ ስንት ቀን ሾርባ ብቻ የጠጣሁት፣ ሳሮን በየወሩ «አባ፣ አሁን ገባ እንዴ?» እያለች በማስመሪያ የለካችው ጥርስ ሊመለስ ነው። የሐሙስ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጥኩ።

ሰኞ ማምሻውን ባቢክር ባልዲውን ሊወስድ መጣ። የቤርታ ተወላጅ ነው፤ አማርኛውን የተማረው ከደንበኞቹ ነው፣ ዓረብኛው ደግሞ የሱዳን ድንበር ላይ ወዳለችው ኩርሙክ ሲመላለስ ያገኘው ነው።

«ያ ዞል፣ ፊትህ ምን ሆነች?» አለኝ። «አንተ ሰውዬ» ማለቱ ነው።

ነገርኩት። ከጎረቤት እሱ ብቻ ነው የጥርሴን ጉዳይ የሚያውቀው። ሲሰማ ዓይኑ በራ። ሳይሰናበት ሄደና ቀጭን ካቻቢቴ ይዞ ተመለሰ።

«ይሄ ለራዲዮ ነው» አለ። «ንጹህ ነው፣ ወላሂ በቤንዚን አጠብኩ። አፍ ክፈት። አንድ ዙር ብቻ፣ ኻላስ፣ አለቀ።»

በድካሜ ላይ ስለመጣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፌን ከፍቼ ነበር። እመቤት መሐላችን ገባች።

«ባቢክር፣ የሰው አጥንት ነው» አለችው።

«መዓሌሽ፣ መዓሌሽ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ ካቻቢቴውን ኪሱ እየከተተ። «እኔ ለሱ ብዬ። እሷ ብሎን ትንሽ ነው፣ ግን መኪና ሁሉ እሷ ይይዛል።»

አሁን የቀረው ፈቃድ ነው። የዓመት ፈቃዴን በየወሩ አዲስ አበባ ስመላለስ ጨርሼዋለሁ፤ የሕመም ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ። የሕመም ፈቃድ በደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ደግሞ በመዝገብ ቤት ያልፋል፤ በመሥሪያ ቤታችን ወሬ የሚወለደው መዝገብ ቤት ነው። «ጥርሴ» ብዬ ብጽፍ ከምሳ በፊት ማስክ አውልቅ ሊሉኝ ነው። ስለዚህ ጨዋ ቃል ፈለግኩ። ሐኪሞቹ «ከአንገት በላይ» ይሉ የለ? ቁጭ ብዬ፣ በሃያ ዓመት የመንግሥት ሥራ ባገኘሁት የደብዳቤ ችሎታ ሁሉ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ።

«በአዲስ አበባ በሐኪም የተገጠመልኝና ከአንገቴ በላይ የሚገኘው ብሎን በድንገት የላላብኝ በመሆኑ፣ ነገሩ ሳይብስ ወደገጠመልኝ ሐኪም መድረስ ስላለብኝ፣ ከሐሙስ ጀምሮ የሦስት ቀን የሕመም ፈቃድ እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ግድፈት የለውም። ፈርሜ ማክሰኞ ጠዋት አስገባሁ። ዶክተሯ እንዳለችው «ካስማዬ ላላ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ምን ነበረበት? ሰው ብሎኑ ላላ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ስለ ሌላ ሰው ሲባል ነው የማውቀው። ስለ ራስ ሲጽፉት ለካ አይታይም።

ከሰዓት በኋላ የሰው ሀብት ኃላፊዋ ወይዘሮ አስካለ ጠሩኝ። ስገባ ተነሥተው በሩን ዘጉ። በመሥሪያ ቤታችን የሰው ሀብት በር የሚዘጋው ሰው ሲባረር ወይም መርዶ ሲነገር ነው። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ደብዳቤህን አነበብኩት፣ ወንድሜ» አሉኝ በዝግታ። «በዚህ መሥሪያ ቤት እንዲህ ደፍሮ የጻፈ ሰው አላየሁም። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከእሑድ። ማንጎ ስበላ ነው።»

ማስታወሻቸው ላይ «ማንጎ» ብለው ጻፉና ከሥሩ አሰመሩበት።

«ድምፅ ይሰማሃል?»

«አልፎ አልፎ።»

«ምን ይልሃል?»

«ቀጭ፣ ቀጭ።»

«ሌላ ሰውስ ይሰማዋል?»

«ባለቤቴ ጠጋ ስትል ትሰማዋለች።»

«እሷም ጀምሯታል» አሉ ለራሳቸው። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

«ሁለት ናቸው» ብዬ አስረዳኋቸው። «የግራው ደህና ነው፣ አላስቸገረኝም። የቀኙ ነው።»

«ቤት ውስጥ ጠብ ነገር አለ?»

«ኧረ የለም። ትናንት ጎረቤቴ ካቻቢቴ ይዞ መጥቶ ሊያጠብቅልኝ ነበር፤ ባለቤቴ መሐል ገብታ ነው የገላገለችን።»

ወይዘሮ አስካለ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እጄን ያዙኝ።

«ማስኩንም ሁላችንም አይተናል» አሉ። «ከመኪና ጀርባ የምትቆመውንም። እንዳይከፋህ ብለን ነው ዝም ያልነው።»

ለካ ሁሉም ያውቃል ብዬ ልቤ ተነካ። ዓመት ሙሉ ጥርሴን እያወቁ አንዱም አላፌዘብኝም። ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንባዬን ሲያዩ የሳቸውም ሞላ። ሁለታችንም ስለተለያየ ነገር ተላቀስን።

«ፈቃዱ አያሳስብህ» አሉ ሲረጋጉ። «ግን ብቻህን አውሮፕላን ላይ አላወጣህም፣ ኃላፊነት አለብኝ። ነገ ጠዋት እዚሁ ሐኪም ይይህና መጓዝ ትችላለህ የሚል ወረቀት አምጣ። ጋሽ ሰይድ አብሮህ ይሄዳል።»

ወደ ቢሮዬ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ መቀሱ የለም። ወረቀት መብሻውም የለም። አንድ ሰው ተውሶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ጋሽ ሰይድ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ናቸው። በደርግ ጊዜ በሠፈራ ከወሎ ሲመጡ ገና ልጅ ነበሩ፤ ዛሬ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ አነጋገራቸው ግን ከዚያ አልመጣም። ረቡዕ ጠዋት ክርኔን ይዘው ባጃጅ ላይ አሳፈሩኝ፣ ክርኔን ይዘው አወረዱኝ።

«አብሽር፣ ወንድምዬ» አሉኝ። «አላህ ያገራዋል፣ ያቀለዋል። የኔም ያክስት ልጅ እንዲሁ ነበር የጀመረው።»

«ብሎን?»

«የሱስ ከናካቴው ወልቆ ነበር።»

«ውይ። አሁንስ?»

«አሁንማ ምን ሆኖ። መድኃኒቱን ዋጠ፣ ጸናለት። አራት ልጅ ወለደ።»

ለወለቀ ብሎን የሚዋጥ መድኃኒት መኖሩን ዶክተሯ አልነገረችኝም ነበር። ሰውየው ምን ያህል ታድሏል ብዬ ቀናሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ጋሽ ሰይድ ካርድ አወጡልኝና ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። እሳቸው በር ላይ ቆሙ። ከአጠገቤ አንዲት ሴትዮ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ እጇ ላይ የመድኃኒት ከረጢት ይዛ። ወደ ማስኬ አየች።

«መጀመሪያህ ነው አይደል?» አለችኝ። «አይዞህ። እኔም መጀመሪያ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ነበር የምመጣው። ሰው ያየኛል ብዬ። አሁን ማንም ቢያየኝ ግድ የለኝም፤ መድኃኒቴን እወስዳለሁ፣ ገበያ ወጥቼ እነግዳለሁ።»

ጥርሷን ሰርቄ አየሁት። ምንም ችግር የለበትም። ታዲያ ምን ሆና ነው ብዬ ቀና ስል በሩ ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ። «የአእምሮ ጤና ክፍል» ይላል።

መቀሱ ገባኝ። ወረቀት መብሻው ገባኝ። የወይዘሮ አስካለ እንባ፣ የጋሽ ሰይድ ያክስት ልጅ፣ «እሷም ጀምሯታል» የተባለችው ባለቤቴ፣ ሁሉም ተራ በተራ ገቡኝ። ተነሥቼ ልወጣ ነበር። ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ ናቸው። ከሳቸው ይልቅ ግን ያስቀረችኝ ሴትዮዋ ናት። እሷ ሰው የሚሸሸውን ሕመም ይዛ ፊቷን ገልጣ ተራዋን ትጠብቃለች። እኔ ለሁለት ጥርስ ብዬ ዓመት ሙሉ ተሸፍኛለሁ። አፈርኩ። በጥርሴ አፍሬ አውቃለሁ፤ በማፈሬ ሳፍር ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ተራዬ ደረሰ። ባለሙያው ትሑት ወጣት ነው።

«ስህተት ነው» አልኩት ገና ሳልቀመጥ። «እኔ ጤነኛ ነኝ።»

«እሺ። ይቀመጡ፣ እንጫወት» አለኝ።

«ብሎኑ እውነተኛ ብሎን ነው።»

«እውነተኛ መሆኑ ይሰማዎታል።»

«አጥንቴ ውስጥ ነው ያለው። ከሱ ላይ ላስቲክ አስረው ወደ ኋላ ይስቡኛል።»

«እነማን ናቸው የሚስቡዎት?»

ባስረዳሁ ቁጥር እየከፋ እንደሚሄድ አየሁ። ደከመኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ደክሞኝ አያውቅም። ማስኬን አወለቅኩና ለማላውቀው ሰው፣ በቀን ብርሃን፣ አፌን እስከ ጆሮዬ ከፈትኩለት።

ባለሙያው ስልኩን አውጥቶ መብራቱን አበራና ጠጋ አለ።

«ብሎን ነው» አለ።

«ኧእ» አልኩ አፌን ሳልዘጋ።

«ይነቃነቃል?»

«እባክህ እንዳትነካው።»

ቁጭ ብሎ ፊቱን በወረቀት ከልሎ ቆየ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲረጋጋ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔም ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ወረቀቱንም ጻፈልኝ። «ታካሚው በአእምሮ ጤንነቱ ረገድ ምንም ችግር አልተገኘበትም። ብሎኑ ግን በእርግጥ ላልቷል። ወደገጠመለት ሐኪም በአስቸኳይ እንዲሄድ።» ማኅተም አደረገበት።

«ምን አሉህ?» አሉኝ ጋሽ ሰይድ ክርኔን እየያዙ።

«ጤነኛ ነህ ተባልኩ።»

«እንዲያ ነው መጀመሪያ የሚሉት» አሉ። «አብሽር።»

ቢሮ ስንደርስ ወይዘሮ አስካለ ወረቀቱን ቆመው አነበቡት። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሲያነቡ ፊታቸው ፈካ፤ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ተመልሶ ጠቆረ። ቀና ብለው አዩኝ። ሌላ መንገድ አልነበረም። ለሁለተኛ ጊዜ ማስኬን አወረድኩና አፌን ከፈትኩ። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ደብዳቤ ለማስፈረም ገብታ እዚያው ቀረች። ከሷ ኋላ ገንዘብ ያዡ፣ ከሱ ኋላ ሾፌሩ። ጋሽ ሰይድ ሁሉንም ገፋ አድርገው ቀረቡ።

«ያረቢ» አሉ። «ውነትም ብሎን።»

ወይዘሮ አስካለ ወንበራቸው ላይ ወደቁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሌላውም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ መንጋጋዬ ደክሞኛል።

«ለምን ‹ጥርሴ› ብለህ አልጻፍክም?» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«አፍሬ ነው» አልኳቸው።

ሳቃቸውን አቆሙ። ፈቃዱን ፈረሙ፣ ከዚያ የራሳቸውን መሳቢያ ስበው መቀሴንና ወረቀት መብሻዬን መለሱልኝ።

ሐሙስ በረርኩ። ዓርብ ጠዋት ዶክተሯ የላላውን ነቅላ ከጎኑ ሌላ ቦታ አዲስ ብሎን ተከለች። ጥርሴ ወደ ነበረበት አልተመለሰም። ቆሞ ጠብቆኛል። «ምን በልተው ነው?» ስትለኝ «ያዘዙልኝን» አልኳትና ይዤላት የሄድኩትን የአሶሳ ማንጎ ሰጠኋት። እዚያው አጥባ ነከሰችው። ቀጣዩ በሽተኛ እስኪገባ ጥርሷን ስትጎረጉር ነበር።

«ይህማ ገመድ ነው» አለች። ካርዴ ላይ ከክልክሎቹ መጨረሻ «የአሶሳ ማንጎ» ብላ ጨመረችበት።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ደረስኩ። በረንዳው ላይ ተቀመጥን፤ ባቢክርም ሰላም ሊለኝ መጣ፣ ከነባልዲው። የሆነውን ሁሉ ከደብዳቤው ጀምሬ ነገርኳቸው። «እነማን ናቸው የሚስቡዎት?» የሚለው ላይ ስደርስ እመቤት ፈነዳች። ባቢክር ጉልበቱን መታ። እኔንም ያዘኝ። ሳምንቱን ሙሉ ያልሳቅኩት ሳቅ ሁሉ አንድ ላይ መጣ።

ግራ እጄ እንደ ልማዱ ተነሣ። ደረቴ ጋ ሲደርስ አየሁትና ወደ ጉልበቴ መለስኩት። ሳቅኩ። ብረቱ፣ ላስቲኩ፣ ሁለቱ ብሎኖች፣ ሁሉም ፀሐይ ላይ ወጡ።

ባቢክር በሳቁ መሐል ጎንበስ ብሎ አየልኝ። «አዲሱ ጠበቀች» አለ።

ሳሮንን አየኋት። እየሳቀች ነው። አፏ እስከ ጥግ ተከፍቷል፣ ቀጥ ቀጥ ባሉት ጥርሶቿ መሐል የማንጎ ቃጫ ተሰክቷል፣ ፊቷ ላይ እጅ የለም። ሁለቱም እጆቿ ማንጎ ይዘዋል፤ ጭማቂው ክርኗ ድረስ ወርዷል። እኔን አይታ ይሁን ወይስ እጇ ስለተያዘ ብቻ፣ አላወቅኩም። መጠየቅም ፈራሁ።

ማንጎውን መጥጣ ጨረሰች። አጥንቱን ጣለችና ግራ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ቶሎ ብዬ ከባልዲው ትልቁን መርጬ ሰጠኋት።

«ሌላ? ሆዷን ያማታል እኮ» አለች እመቤት።

«ተያት፣ ትብላ» አልኳት።